የኮሜዲ ተዋናይቷን ወረቀት ማን ይረከበው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አንጋፋ የቴአትር ሰው ባረፈ ቁጥር በጥበብ ዓምዳችሁ የሚወጣውን ሳላነብ አላልፍም። ኮሜዲ ስትጫወት የኖረች ሴት ስትሞት የሚጻፈው ግን ሁሌም አጭር ነው። የትውልድ ዘመኗ፣ ሦስት የቴአትር ርእስ፣ «በሳቅ ያዝናናችን» የምትል ቃል፣ ከዚያ የቀብሯ ሰዓት። ጸሐፊዎቻችሁን አልወቅስም። ስክሪፕቷ፣ ደብዳቤዋ፣ ፎቶግራፏ፣ ወረቀቱ ሁሉ ከሌለ ከየት አምጥተው ይጻፉ?

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቴአትር ቤት ታይፒስት ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ከልጄ ጋር ነው። ሜሪ ዊክስ የተባለችው ተዋናይ የዚህ ከተማ ተወላጅ ናት። ስሟን ባታውቁት ፊቷን ታውቁታላችሁ። «ሲስተር አክት»ን ያየ ሰው፣ መዘምራኑን ስትመራ ቆይታ ቦታዋን በዉፒ ጎልድበርግ የተነጠቀችውን ቆፍጣና አሮጊት መነኩሲት አይረሳትም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጣ ሰማንያ ዓመት አልፏት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1910 ተወልዳ፣ እዚሁ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ኒው ዮርክ መድረክ ላይ ወጣች። በ1939 ነጭናጫ በሽተኛ የሚያንገላታትን ነርስ ተጫወተች፤ በ1942 ያንኑ ገጸ ባሕርይ ፊልም ላይ ደገመችው። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ የሚሰጧት ነርስ፣ የቤት ሠራተኛ፣ መነኩሲት ነበር። መሪ ተዋናይ አልሆነችም። በ1954ቱ «ኋይት ክሪስማስ» የእንግዳ ማረፊያው ሠራተኛ ሆና ስልክ ሰርቃ ታዳምጣለች። ወሬውን እስከ ግማሹ ሰምታ ትዘጋውና ያቺን ግማሽ ወሬ ወስዳ ለዘፋኟ ትነግራታለች፤ በዚያ ምክንያት ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ይለያያሉ። በፊልሙ ላይ የምትታየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ታሪኩን የምታዞረው ግን እሷ ናት።

አላገባችም፣ ልጅም አልነበራትም። እ.ኤ.አ. በ1995 ስትሞት በእናትና በአባቷ ስም የቴአትር፣ የፊልምና የቴሌቪዥን መጻሕፍት እንዲገዙበት ለተማረችበት ዩኒቨርሲቲ 2 ሚሊዮን ዶላር ተናዘዘች። የሥራና የግል ወረቀቶቿም እዚያው ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። በ2013 ሙሉ የሕይወት ታሪኳ በመጽሐፍ ወጣ። ነርስና ሠራተኛ ሆና ለተጫወተች ሴት ይህን ያህል የተጻፈው መነሻ የሚሆን ነገር ስለተገኘ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በአዲስ ዓመት ዕለት በመኪና አደጋ ያጣናት ተዋናይት ሰብለ ተፈራ ትዝ ትለኛለች። በቴሌቪዥኑ «ቤቶች» ድራማ ላይ ትርፌ፣ በሬዲዮ ደግሞ እማማ ጨቤ። በዚያ ዕድሜዋ የባልቴቷን ድምፅ እንዴት እንዳገኘችው፣ የቱ ጋ ትንፋሽ እንደምትወስድ፣ የትኛውን ቃል እንደምትጎትት፣ ይህን ሁሉ ዛሬ የቴአትር ተማሪ ቢፈልግ ማንን ይጠይቃል? ቀረጻው ውጤቱን ያሰማናል እንጂ ሥራውን አያሳየንም። ሥራው ያለው ስክሪፕቱ ኅዳግ ላይ ነው።

ይህን የምለው በዓይኔ ስላየሁት ነው። የኛ ቤት ተዋናይ የነበረች፣ ወሬኛ ጎረቤት ሆና የምትጫወት ሴት፣ ቅጂዋ ስላረጀባት እንደገና እንድተይብላት አምጥታልኝ ነበር። ዳር ዳሩ በእርሳስ ተሞልቷል። «እዚህ ይስቃሉ። ነጠላሽን አስተካክዪ፣ ጠብቂ።» ዝቅ ብሎ «ቅዳሜ አልሳቁም፣ ቸኩለሻል» ይላል። ቃሉን እኔ ተየብኩት፤ የእርሳሱን ግን መተየብ አይቻልም። አሮጌውንም እንዳትጥለው ለምኜ መለስኩላት። ስትሞት ከዐርባዋ በኋላ ቤቱ ሲለቀቅ ወረቀቱ ሁሉ ለቆሎ መጠቅለያ ሱቅ ገባ። ቤተሰቦቿ ክፉ ሰዎች አይደሉም። አምጡት ያላቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

እኔ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። ቴአትር ቤቶቻችን እያንዳንዳቸው አንድ ቁም ሣጥንና አንድ መዝገብ ይመድቡ። የሟች ቤተሰብ ወረቀቱን ሲያመጣ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበር ሲገባ እንደሚደረገው ሁሉ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተቆጥሮ ይረከቡ፤ ለቤተሰቡም ቅጂው ይሰጠው። ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የሀገር ጽሑፍ ሲሰበስብ የኖረው ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርም ከጊዜ በኋላ ይውሰደው። የግል ደብዳቤ አለበት ብሎ የሚፈራ ቤተሰብ ለብቻ አሽጎ ይህን ያህል ዓመት አይከፈት ማለት ይችላል። ፎቶግራፍ ከሆነ ከጀርባው የሰዎቹ ስም በእርሳስ ይጻፍበት፤ የሚያውቋቸው ሰዎች እያለቁ ነው።

እናንተንም የምለምነው አለ። የተዋናይ ዜና ዕረፍት ስታወጡ መጨረሻው ላይ «ቤተሰቧ ስክሪፕቶቿንና ፎቶግራፎቿን እንዲያስቀምጥ እንጠይቃለን» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩ። በሐዘን ቤት ጋዜጣው ይነበባል።

በመጪው ክረምት አዲስ አበባ እመጣለሁ። የድሮ የጽሕፈት መኪናዎችን ፊደል በዓይን ስለምለይ፣ ርእስና ቀን የሌለው ስክሪፕት የትኛው ቴአትር ቤት እንደተተየበ ብዙ ጊዜ መናገር እችላለሁ። የተቆለለ ወረቀት ያለው ቤተሰብም ሆነ ቴአትር ቤት በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ቢያገኘኝ ያለ ክፍያ ቁጭ ብዬ እለይለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛዋ ታይፒስት፣ ከሴንት ሉዊስ