ስልክ ሲገዛ «ፍቀድ» የሚለው ማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሐይቅ የምትኖረው እናቴ ባለፈው ወር ደሴ መጥታ ከአንድ ሱቅ ያገለገለ ስማርት ስልክ ገዛች። ሻጩ ወጣት ቴሌግራሙንም፣ ኢሞውንም፣ ሌላ ሌላውንም ጭኖ፣ በየመሐሉ ብቅ የሚለውን ጥያቄ ሁሉ እሷን ሳያማክር «ፍቀድ» እያለ አልፎ ሰጣት። ቤት ገብታ ቡናው ሲፈላ የዘመድ ስልክ ቁጥር ልመዘግብላት ተቀብያት፣ በቅንብሮች ውስጥ ያለውን የፈቃዶች ዝርዝር ስከፍት፣ የእጅ ባትሪ ተብሎ የተጫነ መተግበሪያ ካሜራውንም ማይክሮፎኑንም እንዲጠቀም ተፈቅዶለት አገኘሁት። ድምፅ ሲቀዳ ይዤዋለሁ አልልም፤ ነገር ግን መብራት ለሚያበራ መተግበሪያ ማይክሮፎን ምን ያደርግለታል? እናቴን ብጠይቃት «ልጁ ነው የነካካው፣ እኔ ምኑን አውቄ» አለችኝ።

ለዚህ ደብዳቤ ያነሣሣኝ ይህ መልሷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6 (አንድሮይድ ብዙ ስማርት ስልኮች የሚሠሩበት ሥርዓት ነው) መተግበሪያዎች ካሜራና ማይክሮፎን ሲፈልጉ ባለቤቱን እንዲጠይቁ ያደረገው ውሳኔው የባለቤቱ እንዲሆን ነበር፤ በእኛ ዘንድ ግን የሚወስነው ሻጩ ሆኗል። መዘዙም በባለቤቱ ላይ ብቻ አያበቃም። በወሎ ቡና ለብቻ አይጠጣም፤ ስልኩ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ከአቦል እስከ በረካ የጎረቤት ሕመም ይነሣል፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ይሸመገላሉ፣ የልጅ ጋብቻ ይመከራል። ያ ሁሉ ሰው ገመናውን የገለጠው እዚያ ለተቀመጡት ብቻ ነው። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ተደንግጓል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ ሱቅ ውስጥ «ፍቀድ» ተብሎ ያለፈውን ግን እያንዳንዳችን ከፍተን ካላየነው ማንም አያይልንም።

ሁሉን መከልከልም አይበጅም። ዐረብ አገር ካለችው እህቴ ጋር እየተያዩ ለመነጋገር ካሜራና ማይክሮፎን ግድ ስለሆኑ፣ ለኢሞ «መተግበሪያውን በመጠቀም ላይ ሳለ» የሚለውን መረጥኩለት። የእጅ ባትሪውን መተግበሪያ ግን ከስልኩ አወጣሁት፤ ስልኩ የራሱ መብራት አለው። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ካሜራ ወይም ማይክሮፎን ሥራ ላይ ሲሆን በስክሪኑ አናት ላይ አረንጓዴ ምልክት ይበራል፤ በአይፎን የማይክሮፎኑ ብርቱካንማ ነው። ከላይ ወደ ታች ስበው ምልክቱን ሲነኩት የትኛው መተግበሪያ እየተጠቀመ እንደሆነ ያሳያል። እናቴ ማንበብ ብዙም አይሆንላትም፤ አረንጓዴዋን ነጥብ ለማወቅ ግን አንድ ጊዜ ማየት በቅቷታል።

በደሴም፣ በኮምቦልቻም፣ በወልድያም ስልክ የምትሸጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ጥያቄው ብቅ ሲል ስልኩን ወደ ገዢው አዙራችሁ «ይህ ድምፅዎን ልስማ ይላል፣ ልፍቀድለት?» ብላችሁ እንድትጠይቁ በአክብሮት አሳስባለሁ። ዝግጅት ክፍሉም የፈቃዶቹን ገጽ በአማርኛ ቅንብር ፎቶ አንሥቶ አንድ ቀን ቢያትምልን፣ እኔ ቆርጬ ለእናቴና ለቡና አጣጮቿ እወስደዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከደሴ