ቼናይ ለህክምና የምትሄዱ ማማላፑራምን ሳታዩ አትመለሱ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁ ላይ ህንድ የምትነሳው መቼም ወይ በሆስፒታል ማስታወቂያ ወይ ደግሞ እርዱኝ በሚል ህመምተኛ ፎቶ ነው፣ እኔም የሄድኩት በዛው መንገድ ነው፣ ታላቅ እህቴን ላስታምም ቼናይ። አስታማሚ የሆነ ሰው ያውቀዋል እንግዲህ፣ ምርመራው ይሰጥና ውጤቱ እስኪመጣ ገስት ሀውስ ውስጥ ጣራ ጣራ ማየት ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው አበሻ ሁሉ የሚያወራው ስለ ዶክተርና ስለ ምንዛሪ ነው፣ ወደ ውጪ እንውጣ ስትል ደግሞ ወዴት ይሉሃል። እና ለነዚህ ሰዎች ከማስታወቂያው ጎን ትንሽ ቦታ ሰጥታችሁ ይቺን ብታወጡልኝ ብዬ ነው፣ ከቼናይ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለሱበት፣ ከአለት የተጠረቡ ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች ወዳሉባት ባህር ዳር ከተማ ወደ ማማላፑራም ጉዞ አለ።

ማሃባሊፑራምም ይሉታል፣ ያው ነው። ከከተማው ወደ ደቡብ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ኢስት ኮስት ሮድ የሚባለውን የባህር ዳር መንገድ ይዞ ነው የሚኬደው። አውቶቡስ አለ፣ ርካሽ ነው ግን ይጨናነቃል፣ ሦስት አራት ሆናችሁ ታክሲ ብትይዙ ይሻላል። ማለዳ ውጡ ብቻ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ጸሐዩ ቀልድ አያውቅም።

መጀመሪያ የሚኬደው አምስቱ ራታዎች ጋ ነው፣ ራታ የሚሉት ሰረገላውን ነው፣ በሰረገላ አምሳል የተጠረቡ የአለት ቤተ መቅደሶች ናቸው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ፓላቫ የሚባሉ፣ ዋና ከተማቸው ካንቺፑራም የነበረ ነገሥታት ያስጠረቧቸው ናቸው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ አይደለም የተሰሩት፣ አለቱን ከላይ ጀምረው ወደ ታች እየፈለፈሉ ነው ያወጧቸው። ላሊበላን ያየ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል፣ ልዩነቱ የኛው ውስጡ ተቦርቡሮ ሰው ገብቶ የሚቀደስበት ነው፣ እዛ ግን ስራው ሁሉ ያለው ውጪው ላይ ነው፣ ውስጡ ብዙም አልተነካም፣ ዘመኑም ከላሊበላ ወደ 500 ዓመት ይቀድማል፣ ድንጋዩም ግራናይት ነው፣ ያንን በመዶሻና በመሮ ሲያስቡት ክንድ ያማል። እኔን በጣም የገረመኝ አለመጨረሳቸው ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ቅርጽ አልቆ ተወልውሎ ታችኛው ክፍል ገና ሻካራ አለት ነው፣ ከላይ ወደ ታች ይሰሩ እንደነበር ማንም ሳይነግርህ ከዛው ታነበዋለህ። አንዷ ደግሞ ልክ የሳር ክዳን ጎጆ ናት፣ የሳር ጎጆን በአለት ለመስራት የደከመ ሰው ምን አይነት ሰው ነው ብዬ ብዙ ቆምኩ። እዛው ግቢ ውስጥ ያለው የድንጋይ ዝሆን ጋ ሰው ሁሉ ሴልፊ ይነሳል፣ እኛም ተነሳን።

እዚህ ጋ ጋይዶቹን አትመኑ። ማሃባራታ በሚባለው የህንዶች ጥንታዊ ተረክ ውስጥ ያሉት አምስቱ ወንድማማቾችና ድራውፓዲ የምትባለው ሚስታቸው እዚህ ኖረዋል እያሉ ፊታቸው ሳይቀላ ይነግሯችኋል፣ ራታዎቹም የሚጠሩት በነሱ ስም ነው፣ ስሞቹ ግን በኋላ ሕዝቡ ያወጣቸው ናቸው እንጂ ከድንጋዮቹ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ምክንያቱም ገስት ሀውስ ውስጥ እንሂድ ስል ግማሹ ሰው ያለኝ "የጣዖት ቤት ሄጄ ምን ልሰራ፣ ለዛውም ታማሚ ይዤ" ነው። ሀሳቡ አይናቅም፣ እምነቱን የሚያከብር ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ግን እስቲ ነገሩን እዩት፣ ራታዎቹ ሳይጨረሱ ስለቀሩ ለአምልኮ ተባርከው እንኳን አያውቁም። በኋላ የማነሳላችሁ ባህሩ ዳር ያለው ቤተ መቅደስም ዛሬ የአርኪዮሎጂ መስሪያ ቤቱ የሚጠብቀው ቅርስ ነው፣ ቦታው በሙሉ በፈረንጅ 1984 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ የገባ ነው፣ በሩ ላይ የሚቀበላችሁ ቲኬት ቆራጭ ነው። ስገዱ የሚላችሁ የለም፣ የሰው እጅ ስራ አይቶ መመለስ ነው። የውጪ ቱሪስት ክርስቲያንም ሳይሆን ላሊበላ መጥቶ ሲያደንቅ ደስ ይለን የለ እንዴ?

ከተማው መሀል መንገድ ዳር ላይ ደግሞ ትልቁ የአለት ቅርጽ አለ፣ 27 ሜትር ገደማ ርዝመት 9 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ዝሆኑ አጋዘኑ መልአክ መሳዩ መናኙ ሁሉ እዛ ላይ ነው፣ ከመንገድ ላይ ሆኖ በነጻ ይታያል። አንዳንዱ ከአምስቱ ወንድማማቾች አንዱ አርጁና፣ ሺቫ ከሚሉት አምላካቸው መሳሪያ ለማግኘት ሱባኤ ሲገባ ነው ይላል፣ ሌላው ደግሞ የለም የጋንጀስ ወንዝ ከሰማይ ሲወርድ ነው ይላል፣ እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ፣ መሀሉ ላይ ያለው የተፈጥሮ ስንጥቅ ውስጥ ግማሽ ሰው ግማሽ እባብ የሆኑ ፍጡራን ተቀርጸዋል፣ ከላይ ደግሞ ውሃ ማጠራቀሚያ ስለነበረ ውሃ ሲለቀቅበት በስንጥቁ ይወርድ ነበር ይባላል። ታች ዝሆኖቹ አጠገብ ፈልጉ፣ በኋላ እግሯ ቆማ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ እንደ መናኝ የምትጸልይ ድመት አለች፣ አይጦች ከበዋታል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የምንለው ማለት ነው በቃ፣ ከ1300 ዓመት በፊት አለት ላይ። ህመሟ ከጀመረ ወዲህ ፈገግታ የጠፋባት እህቴ እዛች ድመት ጋ ሳቀች፣ ለኔ የታክሲው ብር እዛው ተመለሰ።

የክሪሽና የቅቤ ኳስ የሚሉትን ተዳፋት ላይ የተቀመጠ ግዙፍ ድንጋይ እግረ መንገዳችሁን እዩት፣ ካላያችሁትም ብዙ አልቀረባችሁም።

ባህሩ ዳር ያለውን ቤተ መቅደስ ግን ለከሰዓት አስቀሩት። እሱ በ8ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ራጃሲምሃ በሚባለው ንጉሥ ዘመን በተጠረበ ድንጋይ የተገነባ ነው፣ ሁለት የሺቫ፣ አንድ ደግሞ ቪሽኑ የሚሉት የሌላው አምላካቸው ክፍል አለው። ነፋሱና ጨዋማው አየር ቅርጾቹን ልሶ ልሶ ፊት የሌላቸው አድርጓቸዋል፣ አሁን በባህሩ በኩል ድንጋይ ከምረው ማዕበሉን ያግዱለታል። የድሮ የአውሮፓ መርከበኞች ቦታውን ሰባቱ ፓጎዳዎች ይሉት ነበር፣ ፓጎዳ ያሉት ቤተ መቅደሱን ነው፣ የቆመው አንድ ነው፣ ሌሎቹን ባህር ውጧቸዋል የሚል አፈ ታሪክ አለ። የሱናሚው ጊዜ በታህሳስ 1997፣ በፈረንጅ 2004 መጨረሻ ማለት ነው፣ ባህሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ሰዎች ድንጋዮች ተደርድረው አየን ብለዋል፣ ማዕበሉ አሸዋውን ጠራርጎት ሲሄድም ተቀብሮ የኖረ የአንበሳ ቅርጽ ወጣ፣ ከዛ በኋላ አርኪዮሎጂስቶቹ በቁፋሮ የሌላ ቤተ መቅደስ መሠረት አግኝተዋል። ስለዚህ አፈ ታሪኩን ሙሉ በሙሉ ተረት ነው ብሎ መጣል ያስቸግራል።

ዋጋው ላይ እንዳትናደዱ። እኛ ስንሄድ ለህንዳዊ 40 ሩፒ ለውጪ ሰው 600 ሩፒ ነበር። እህቴ "ቆዳችን እንኳን ከነሱ አይለይም" ብላ ልትከራከር ነበር፣ ፓስፖርት ሲጠይቁ ተወችው። ራታዎቹ ጋ የቆረጣችሁትን ቲኬት ግን እንዳትጥሉ፣ በዛው ቀን ባህሩ ዳር ላለውም ያገለግላል፣ እኛ ፊት የነበሩ ሰዎች ጥለውት ድጋሚ ከፍለዋል።

ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ዝናብ ነው፣ ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ እሳት ነው፣ ጥርና የካቲት ከደረሳችሁ ምርጥ ነው። ታማሚ ይዛችሁ ከሆነ ዶክተሩን አስፈቅዱ፣ ጃንጥላና ውሃ ያዙ፣ አሸዋው ላይ መራመድ ያደክማል ጥላም እንደልብ የለም፣ እኛ አንድ ራታ አይተን አንድ እረፍት እያልን ነው የጨረስነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አስታማሚ፣ ከአዲስ አበባ