ነጋዴዎቹና ሴቶቹ የት ሄዱ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላማችሁ ይብዛ። ጅማ፣ ሒርማታ ገበያ ቅመምና ቡና የምሸጥ ሴት ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከሰዓት፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ነው። ለመውሊድ ስለ እስልምና አጀማመር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ክፉ ቃል የለበትም። የጻፈው ሰው በቅን ልብ እንደጻፈው ያስታውቃል። እኔን ግን አላጠገበኝም። ከመካ ተነሥቶ የሐበሻው ንጉሥ ነጋሺ ደጃፍ ደረሰ። ከዚያ ዘሎ ግራኝ አሕመድ ላይ አረፈና አለቀ። በመሐል የተዘለለው እኮ ዘጠኝ መቶ ዓመት ነው! ከዚያ ወዲህ ያለችው ጅማማ ከነጭራሹ አልተነሣችም።

ያነበብኩት ንጉሥና ጦረኛ ብቻ ያሉበት ታሪክ ነው። ይህን ሃይማኖት ይዘው ወደኛ አገር የገቡት ግን በብዛት ነጋዴዎችና አስተማሪዎች ናቸው። መካ ላይ መጀመሪያ ከተቀበሉትም መካከል ሴቶች፣ ወጣቶችና ባሮች ብዙ ነበሩ። የጎደለውን እኔ በማውቀው ልሙላላችሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መካ ድንጋያማ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። አይታረስባትም። ሰዎቿ፣ ቁረይሾች፣ የሚኖሩት በንግድ ነበር። በብርዱ ወራት ወደ የመን፣ በሙቀቱ ወራት ወደ ሻም፣ ማለት ወደ ሶርያ ምድር፣ ግመል ይጭናሉ። በስማቸው የተሰየመች አንዲት አጭር የቁርኣን ሱራ (ምዕራፍ) ይህንኑ ጉዞ ታነሣለች። የመካው መቅደስ ካዕባም በዚያ ዘመን በጣዖት የተሞላ ነበር። ሊሳለም የሚመጣው ሕዝብ ለቁረይሾች ክብርም ገበያም ነው። ይህን ያልያዘ ሰው፣ በኋላ «አምላክ አንድ ነው» የሚል ቃል ያን ያህል ለምን እንዳስቆጣቸው አይገባውም። እምነታቸው ብቻ አልነበረም የተነካው። ኪሳቸውም ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የተወለዱት በ570 ገደማ ነው። አባታቸውን አላዩም። እናታቸው አሚና የሞቱት እሳቸው ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ ከመዲና ሲመለሱ መንገድ ላይ ነው። ያን የሙት ልጅ ይዛ መካ ያስገባችው ማን ናት? ባረካ ናት፣ በኋላ ኡሙ አይመን የተባለችው ሐበሻዊት። ነቢዩ «ከእናቴ በኋላ እናቴ» ይሏት እንደነበር ይተረካል። ስለ ሐበሻና ስለ እስልምና ሲጻፍ ሁሉም ከነጋሺ ይጀምራል። ከነጋሺ በፊት ይቺ ሴት አለች።

ቀጥሎ እናታችን ኸዲጃ። እኔ ስለሳቸው ማውራት ከጀመርኩ አላቆምም፣ ታገሡኝ። የራሳቸው ገንዘብ፣ የራሳቸው ሸቀጥ የነበራቸው ነጋዴ ናቸው። ወጣቱን ሙሐመድን ታማኝነቱን ሰምተው ዕቃቸውን አስይዘው ወደ ሻም ላኩት። አብሮት የሄደው አገልጋያቸው መይሰራ ተመልሶ ያየውን ነገራቸው። ለጋብቻም መጀመሪያ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። በ610 ነቢዩ ከሒራ ዋሻ «አንብብ» የሚለውን ቃል ሰምተው እየተንቀጠቀጡ ቤት ሲገቡ «ሸፍኑኝ፣ ሸፍኑኝ» ነበር ያሉት። ኸዲጃ አልተደናገጡም። አላህ በፍጹም አያዋርድህም፣ አንተ ዘመድ ትጠይቃለህ፣ የደከመውን ትሸከማለህ፣ እንግዳ ትቀበላለህ አሏቸው። ከዚያ ዘመዳቸው ወደሆነው ወደ ወረቃ ወሰዷቸው። ወረቃ ክርስቲያን ነበር፣ የቀደሙትን መጻሕፍት ያውቃል። ወደ ሙሳ የመጣው መልአክ ነው የመጣብህ ብሎ መሰከረ። እንግዲህ ከነቢዩ ቀጥሎ የመጀመሪያዋ አማኝ ነጋዴ ሴት ናቸው። ይህ በእናንተ ጽሑፍ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም።

እምነቱ ራሱስ? ጽሑፋችሁ አምስቱን ማዕዘናት ቆጠረና አለፈ። ምስክርነት፣ ሶላት፣ ዘካ፣ ጾም፣ ሐጅ። ልክ ነው። በመካ ዘመን ሕዝቡን ያስደነገጠው ግን ከሁሉ በላይ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አላህ አንድ ነው፣ አልወለደም፣ አልተወለደም የሚለው። ሁለተኛው የፍርድ ቀን አለ፣ እያንዳንዱ ሰው የሠራው ይቆጠርበታል የሚለው። ይህ ሁለተኛው ለነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ልንገራችሁ። ገበያችን ውስጥ በርበሬ የሚሰፈርበት ጣሳ አለ። ሥሩን ከውጭ ደቁሰው ወደ ውስጥ ካጎበጡት ከላይ ሙሉ ይመስላል። ገዢው አያይም። ሻጩና አላህ ግን ያውቃሉ። ቁርኣን ውስጥ ስለዚሁ የወረደች ሱራ አለች፣ አል ሙጠፊፊን ትባላለች። ከሰው ሲቀበሉ ሞልተው የሚያሰፍሩ፣ ለሰው ሲሰፍሩ ግን የሚያጎድሉ ወዮላቸው ትላለች። እንደሚቀሰቀሱ አያስቡምን ብላ ትጠይቃለች። እኔ ይቺን ሱራ ሳላስታውስ ጣሳ አንሥቼ አላውቅም። ዘካም እንደዚያው ነው። ዓመት የሞላው ገንዘብ ከአርባ አንዱ የድሃ ነው። ምጽዋት አይባልም፣ ዕዳ ነው።

እንዲህ ያለውን ቃል የመካ ሀብታሞች ዝም ብለው አልሰሙም። ከቀደሙት አማኞች አንዱ የሆነው የዓማር እናት ሱመያ በጦር ተወግታ ሞተች። በእስልምና የመጀመሪያዋ ሰማዕት ሴት፣ ያውም ባሪያ የነበረች ሴት ናት። ቢላልን ጌታው ኡመያ በጠራራ ፀሐይ አሸዋ ላይ አስተኝቶ ደረቱ ላይ ቋጥኝ ጫነበት። ቢላል «አሐድ፣ አሐድ» ከማለት አልተመለሰም፣ አንድ ነው፣ አንድ ነው እያለ። የነቢዩ ወዳጅ አቡ በክር ገዝቶ ነፃ አወጣው። እናቱ ሐማማ የሐበሻ ሰው ነበረች። በኋላ መዲና ላይ የመጀመሪያውን አዛን፣ የሶላቱን ጥሪ፣ ያሰማው ይኸው ሰው ነው።

በ615 ገደማ የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ። የነቢዩ ልጅ ሩቀያና ባለቤቷ ዑስማን ከነሱ ጋር ነበሩ። የነቢዩ የአጎት ልጅ ጃዕፈር የሚመራው ትልቁ ቡድን ቀጠለ። ይህን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ማን እንደነገረን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? በቦታው የነበሩት ኡሙ ሰለማ ናቸው። በኋላ የነቢዩ ባለቤት ሆኑ። ቁረይሾች ስደተኞቹን እንዲያስመልሱ ዐምር ኢብኑል ዓስንና አንድ ባልደረባውን የቆዳ ስጦታ አስይዘው እንደላኩ፣ ነጋሺ ሁለቱንም ወገን ሳልሰማ አልፈርድም እንዳሉ፣ ጃዕፈር ተነሥቶ ምን እንደተናገረ የተረኩልን እሳቸው ናቸው። ጃዕፈር ያለውን አስተውሉ። እኛ ጣዖት የምናመልክ፣ ዝምድና የምንቆርጥ፣ ጎረቤት የምንበድል፣ ብርቱው ደካማውን የሚበላ ሕዝብ ነበርን አለ። አላህ ከኛው መሐል ታማኝነቱን የምናውቀውን ሰው ላከልን፣ እውነት እንድንናገር፣ አደራ እንድንመልስ፣ ከደም እንድንርቅ፣ የሙት ልጅ ገንዘብ እንዳንበላ አዘዘን አለ። የእስልምናን እምነት በአጭሩ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ ንግግር የተሻለ መነሻ እኔ አላውቅም።

ከዚያ ስለ መርየም የሚናገረውን ሱራ ቀራ፤ ነጋሺም አለቀሱ። ቅመም ልትገዛ የምትመጣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለች፣ ክርስቲያን ናት። ይህን ስነግራት «እትዬ፣ ማርያምን ታውቋታላችሁ እንዴ?» ብላ ደነገጠች። በስሟ የተሰየመ ሱራ አለ አልኳት። ልዩነቱንም አልደበቅኳትም። እኛ ዒሳን፣ ኢየሱስን፣ ነቢይ እንላለን፣ የአምላክ ልጅ አንልም። ጃዕፈርም በማግስቱ ተጠይቆ ይህንኑ አልሸሸገም። የአላህ ባሪያና መልክተኛው፣ ወደ መርየም የጣለው ቃሉ ነው አለ። ነጋሺ ከመሬት ስንጥር አንሥተው ዒሳ አንተ ካልከው የዚህን ያህል እንኳ አይለይም አሉ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ጥያቄ ሳትይዝ አትመጣም።

ሰይፍ አልነበረም አልልም። በ622 ነቢዩ ወደ መዲና ተሰደዱ። ከቁረይሽ ጋር በድርና ኡሑድ ላይ ተዋጉ። በ630 መካ ሲገቡ ግን ያሳደዷቸውን በአብዛኛው ማሯቸው። በ632 ካረፉ በኋላ እሳቸውን ተክተው በመሩት በአራቱ ኸሊፋዎች ዘመን የሙስሊሞቹ ጦር ሻምን፣ ፋርስን፣ ግብፅን ያዘ። ግብፅን የያዘው ያው ቆዳ ይዞ ነጋሺ ዘንድ የመጣው ዐምር ነው፣ በኋላ ሰልሞ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ጦር ያስገበረው አገር ግን በማግስቱ አልሰለመም። የግብፅ ሕዝብ ለረጅም ዘመን በብዛት ክርስቲያን ሆኖ ቆይቷል። አገር ይዞ መግዛትና ልብ ማሳመን የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ሁለተኛውን የሠሩት አስተማሪው፣ ነጋዴውና ጎረቤቱ ናቸው።

ቁርኣኑም እንደዚሁ በሰው አፍና እጅ ነው የተጓዘው። መጀመሪያ የተጻፈው በተምር ዝንጣፊ፣ በጠፍጣፋ ድንጋይ፣ በአጥንትና በቆዳ ላይ ነበር። በመጀመሪያው ኸሊፋ በአቡ በክር ዘመን ዘይድ ኢብኑ ሳቢት ከዚያና በቃላቸው ከያዙት ከሐፊዞች ልብ ሰበሰበው። በሦስተኛው ኸሊፋ በዑስማን ዘመን ተገልብጦ ወደ ከተሞቹ ተላከ። እኔ ልጅ ሆኜ የቀራሁት በሉሕ ነው። ከላይ እጀታ ያለው የእንጨት ሰሌዳ ነው። ቀለሙ ከጥቀርሻ ይበጠበጣል፣ ብዕሩ ሸምበቆ ነው። የጻፍከውን በቃልህ እስክትወጣ አይታጠብም። ሸሁ ሲረኩ ብቻ ውኃ ይፈስበታል። እንጨቱ ከመታጠብ ብዛት መሐሉ ይለሰልስና ጠርዙ ይጠቁራል። ልጆች ማታ በእሳት ብርሃን ዙሪያ ተቀምጠው እየተወዛወዙ ቁርኣን ሲያነቡ የነበረው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እንግዲህ ወደኛ አገር እንምጣ። እስልምና ከነጋሺ ዘመን በኋላ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በዳህላክ ደሴቶች፣ በዘይላ፣ በሸዋና በይፋት፣ በሐረር ሥር ሰደደ። የጊቤ አካባቢ የገባው ብዙ ቆይቶ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ያኔ ሊሙ ኢናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ የሚባሉ አምስት መንግሥታት ነበሩ። የሊሙዋ ሰቃ ትልቅ ገበያ ነበረች። የሰሜን ሙስሊም ነጋዴዎች አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ። ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ጭነው በጎጃም ባሶ በኩል ወደ ጎንደርና ምጽዋ ያቀናሉ። ነጋዴው ዝናብ ሲይዘው እዚሁ ይከርማል። ሲከርም ይሰግዳል፣ ሲሰግድ ይታያል። አንዳንዱ አግብቶ ቀረ። ለልጁ የሚያስቀራ ሸህ አስመጣ። የጎረቤት ልጅም አብሮ ቀራ። በ1830 ገደማ የነገሡት ቀዳማዊ አባ ጅፋር ሰለሙ። ከንጉሡ በፊት ግን ነጋዴው ነበረ።

አንድ የሚያመኝን ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። ከቡናውና ከዝባዱ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። በሰቃም፣ በሒርማታም። ቢላልን ነፃ ያወጣውን ሃይማኖት ይዘው ሰው በገመድ አስረው የነዱ ነጋዴዎች ነበሩ። እኔ የቆምኩበት ገበያ ነውና እንዳልሰማሁ መሆን አልችልም። ስለ ነጋዴዎቹ ስትጽፉ ይህንንም ጻፉት።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ገዙ። ለምኒልክ ሳይዋጉ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠበቁ። በዚያ ሰላም ሒርማታ ደራች። ከየአቅጣጫው ዑለማ፣ የሃይማኖት ሊቃውንት፣ መጡ። ጅማ ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪ፣ የሚጎርፍባት አገር ሆነች። ቆየት ብሎ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከቦርኖ የተነሡት አል ፋቂ አሕመድ ዑመር በሱዳን በኩል ገብተው በምዕራቡ የአገራችን ክፍል የቲጃኒያን ጠሪቃ፣ የሱፊ መንገድ፣ አስተማሩ። በ1953 ያአ በተባለ ስፍራ አረፉ። ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት የሚመጡ እንግዶች የእንጨቱን ሥራ አድንቀው ፎቶ ተነሥተው ይመለሳሉ። ግቢው ውስጥ ያለውን መስጊድ፣ በዙሪያው ማን ይቀራ እንደነበር የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ከሸህ ወደ ሸህ በእግራቸው እየዞሩ የተማሩ አዛውንት ዛሬም በጅማና በዙሪያዋ አሉ። ማን ከማን እንደተማረ፣ የማን አያት ከየትኛው ገበያ ምን ጭኖ እንደመጣ በቃላቸው ይዘውታል። መንዙማ የሚያወጡ እናቶችም አሉ፣ እነሱን ማንም አልጠየቃቸውም። ለሚቀጥለው መውሊድ አታቆዩት። ዕድሜያቸው ገፍቷል። አንድ ዘጋቢ ላኩ፣ ኦሮምኛ የሚችል ቢሆን ይመረጣል። ከገበያ ቀን ውጭ ይምጣ እንጂ እኔ ራሴ ሱቄን ዘግቼ ቤት ለቤት አብሬው እዞራለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሒርማታ ገበያ ነጋዴ
ጅማ