ስለ ልጅሽ ንቅለ ተከላ

ውድ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? ስንት ጊዜ ሆነን ሳንጻጻፍ! ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደስ አለኝ፤ ሳነበው ግን ሆዴ ባባ። ያቺ ሕፃን እያለች የማውቃት ልጅ አሁን ሉፐስ (የመከላከያ ሥርዓት የገዛ ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ) ይዟት፣ ኩላሊቷ ተጎድቶ፣ ሐኪሞቹ የግንደ ሕዋስ ንቅለ ተከላ አንስተውልሻል። «አንቺ ንቅለ ተከላ ክፍል ስለምትሠሪ እውነቱን ንገሪኝ» ብለሻል። የማውቀውን እነግርሻለሁ።

ቀዶ ጥገና የለውም። ሌላ ሰውም ምንም አይሰጣትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ለሉፐስ የሚወሰደው የልጅቷ የራሷ ሕዋስ ነው። መጀመሪያ በመድኃኒት ደም የሚያመነጩት ግንደ ሕዋሶቿ ከመቅኔዋ ወደ ደሟ እንዲወጡ ይደረጋል። ደሟ በማሽን ያልፋል፤ ማሽኑ ሕዋሶቹን ለይቶ ያስቀራል፣ የቀረው ደም ይመለስላታል። የተለዩት ሕዋሶች በብርቱ ቅዝቃዜ ይቀመጣሉ። ቀጥሎ ኬሞ፣ ማለትም ሕዋስ የሚገድል ኃይለኛ መድኃኒት፣ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባለው ነው፤ አብሮትም የመከላከያ ሕዋሶችን የሚያጠፋ ሌላ መድኃኒት። የገዛ ሰውነቷን የሚያጠቃው የመከላከያ ሥርዓት ተጠርጎ ከሥሩ እንደገና እንዲያድግ ነው ሐሳቡ።

ብዙ ወላጅ የሚስተው አንድ ነገር አለ። በሽታውን የሚመታው ኬሞው ነው። ሕዋሶቹ የሚመለሱት መቅኔዋ ቶሎ እንዲያገግም ነው። ስለዚህ አደጋውም ያለው ከኬሞው ጋር ነው።

ሕዋሶቹ የሚመለሱበትን ቀን ወላጆች እንደ ትልቅ ኦፕሬሽን ይጠብቁታል። ከረጢቱ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይቀልጣል፣ ይሰቀላል፣ እንደ ደም በደም ሥር ይገባል፤ አለቀ። ሕዋሶቹን ከበረዶው የጠበቃቸው ኬሚካል ግን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ክፍሉን ይሞላዋል፤ ከልጁ ትንፋሽም ጋር አንድ ሁለት ቀን ይወጣል። አፋቸውን ስለሚያስጠላቸው ከረሜላ እንሰጣቸዋለን። ያን ዕለት ሽታው እንዳያስደነግጥሽ።

ከባዱ ጊዜ ከዚያ በኋላ ነው። ለአንድ ሁለት ሳምንት ያህል ነጭ የደም ሕዋሷ ከምንም አይቆጠርም። ትኩሳት ከመጣ በደቂቃ ውስጥ አንቲባዮቲክ እንጀምራለን። እናቶች ጠዋት ጠዋት ገና በሩን ስከፍት «ኒውትሮፊሏ ስንት ገባ?» ይሉኛል፤ ኒውትሮፊል ጀርም የሚዋጋው ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለ ቀን ፊታቸው ሲበራ ብታዪ!

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቺካጎ ውስጥ የሠሩ ሐኪሞች ሌላ መድኃኒት ያልያዘላቸውን 50 የሉፐስ ሕሙማን ውጤት አሳተሙ። 5 ዓመት የመኖር ዕድላቸው 84 በመቶ ነበር፤ ከበሽታው ነፃ ሆኖ የመቆየት ዕድላቸው ግን 50 በመቶ። በሕክምናው ምክንያት የሞቱት 2 በመቶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአውሮፓ የንቅለ ተከላ ሕሙማን መዝገብ ደግሞ ከ53 ሕሙማን በሕክምናው ሳቢያ የሞቱትን 12 በመቶ አድርጎታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሆስፒታሉ ስንት እንዲህ ያለ ሕሙም አክሟል ብለሽ ጠይቂ፤ አትፈሪ። የልጆች መረጃ ደግሞ ከአዋቂዎቹ በጣም ያነሰ ነው።

እኔ የማምነውን ልንገርሽ፤ ዋናው ነገር ጊዜው ነው። እንደ ማይኮፌኖሌት፣ ሪቱክሲማብና ቤሊሙማብ ያሉ የሉፐስ መድኃኒቶች በደንብ ሳይሞከሩ ልጅን ለዚህ ማስገባት መቸኮል ነው። ልቧና ሳንባዋ እስኪደክም መጠበቅም ሌላ ጥፋት ነው፤ ያን ጊዜ ኬሞውን የሚሸከም አካል አይኖርም። የልብ አልትራሳውንድ ሳይሠራላት፣ የኩላሊት ናሙና ሳይታይ «እሺ» እንዳትዪ።

ሳይክሎፎስፋማይድ የሴት ልጅን እንቁላል ሊጎዳ ይችላል። ወደፊት መውለድ እንድትችል ከኬሞው በፊት ምን ማድረግ ይቻላል ብለሽ ጠይቂ። በኋላ ከሆነ አይረዳም። ሐኪሞች በጥድፊያ ሊረሱት ስለሚችሉ ነው እንዲህ የምነዘንዝሽ። በልጅነቷ የወሰደቻቸው ክትባቶችም በኋላ እንደገና ይሰጧታል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። ጀርመን ኤርላንገን ያሉ ሐኪሞች የሕሙማኑን ቲ ሕዋስ (አንድ ዓይነት የመከላከያ ሕዋስ) አውጥተው፣ ሉፐስን የሚያባብሱትን ቢ ሕዋሶች የሚባሉ ሌሎች የመከላከያ ሕዋሶች እንዲያጠፋ አድርገው ይመልሱታል። ካር-ቲ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2022 በ5 ሕሙማን ላይ ያገኙትን አሳተሙ፤ አምስቱም ተሽሏቸዋል። በ2024 ደግሞ ሉፐስ ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጠብ) ያስጀመራት ታዳጊ በዚሁ ሕክምና ከማሽኑ መላቀቋ ተጽፏል። ገና አዲስ ነው፤ ግን ለልጅሽ ጥናት ውስጥ ቦታ ይገኝላት እንደሆነ ሐኪሟን ከመጠየቅ ወደኋላ አትበዪ።

ውጤቶቿ ሲደርሱ ላኪልኝ። ከሐኪሞቹ ጋር የምትገናኙበትን ቀንም ንገሪኝ፤ ጥያቄዎቹን አብረን እናዘጋጃለን። ልጅሽ ራሷ የምትጠይቀኝ ካለ በእጇ ትጻፍልኝ፤ ለእሷ ለብቻዋ እመልሳለሁ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ