ስለ አርብ ጠዋት የጓሮ ክፍለ ጊዜ፣ ለኬጂ ወላጆች በሙሉ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች እንደምን ሰነበታችሁ። አጫጭሩን ጉዳይ ላስቀድም፦ የሁለተኛው ተርም ክፍያ እንደተለመደው በባንክ ነው፣ የወላጆች ስብሰባ ቀን በቴሌግራም ግሩፑ ይነገራችኋል፣ የስፖርት ቲሸርት ያልወሰዳችሁ ከፀሐፊዋ ውሰዱ።

አሁን ወደ ዋናው። ከመስከረም ወዲህ አርብ አርብ የሚቀሩ ልጆች በጣም በዝተዋል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሞልቶ የሚውለው ክፍል አርብ ሲሆን ይሳሳል፣ ምክንያቱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ልጆቹ ጓሮ ወርደው አፈር የሚነኩት ቅጠል የሚያሸቱት አርብ ስለሆነ ነው። አንዳንዶቻችሁ ግሩፑ ላይ ጽፋችኋል፣ አንዳንዶቻችሁ በር ላይ ለመምህራኑ ነግራችኋል፣ ብዙዎቻችሁ ግን ምንም ሳትሉ ልጁን ቤት ታስቀራላችሁ። በአክብሮት ግን በግልፅ ልናገር፣ አርብ የትምህርት ቀን ነው።

"ጓሮ ወርደው ይጫወታሉ" የሚባለው ነገር ነው መጀመሪያ መስተካከል ያለበት። ባለፈው አርብ የኬጂ 2 ልጆች ምን እንዳደረጉ ልንገራችሁ። መምህርታቸው አይናቸውን በሻሽ ሸፈነችላቸውና በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳምና ዳማ ከሴ ተራ በተራ አፍንጫቸው ስር አስጠጋችላቸው፣ በማሽተት ብቻ እንዲለዩ። አንዷ ጤና አዳሙ ሲደርሳት "የአያቴ ቡና!" ብላ ጮኸች። ከዛ ዝም ብለው ቆመው የሰሙትን በጣታቸው ቆጠሩ፣ ቁራ፣ ዋኔ፣ ከአጥር ውጪ የታክሲ ረዳት፣ የባህር ዛፉ ቅጠል። ከዛ ደግሞ ዋልካ አፈርና አሸዋ በውሃ አርሰው ለማድቦልቦል ሞከሩ፣ ዋልካው ተድቦለቦለ አሸዋው ተበተነ፣ "ለምን?" ብለው የጠየቁት ራሳቸው ናቸው መምህርቷ አይደለችም። የ5 ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ሳይንስ ከየት ይጀምራል?

አውቃለሁ፣ "እሺ ግን ኤቢሲዲውስ?" ትላላችሁ። ኤቢሲዲው በሳምንት አምስቱንም ቀን አለ፣ አርብም ከእረፍት በኋላ አለ፣ አልተነካም። ደግሞስ እርሳስ በሶስት ጣት የሚያዘው ጣት ጉልበት ሲኖረው ነው፣ ፍሬ የሚለቅም፣ ጭቃ የሚያድቦለብል፣ የአደይ አበባ ቅጠል አንድ በአንድ የሚቆጥር ልጅ ጣቱ ይጠነክራል፣ ቁጥሩንም እዛው ይማራል። ቋንቋም እንደዛው። ብዙ ልጆቻችን ፐርፕልና ኦሬንጅ ከካርቱን ተምረው ይመጣሉ፣ ሻካራ፣ ልስልስ፣ የሚኮሰኩስ፣ ጎምዛዛ የሚሉትን ግን አያውቁም፣ ምክንያቱም የሚኮሰኩስ ነገር ነክተው አያውቁም። ይሄንን በወርክሽት ማስተማር አይቻልም፣ ሞክረን ሳይሆን ነገሩ ስለማይሆን ነው።

ይሄ ከእኔ የመጣ አዲስ ነገርም አይደለም። ጀርመናዊው አስተማሪ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 ጀርመን ውስጥ የህፃናት ትምህርት ቤት ሲከፍት ልጆች የራሳቸው መደብ ላይ እየተከሉ እንዲማሩ ያደርግ ነበር፣ ጣሊያናዊቷ ሐኪምና አስተማሪ ማሪያ ሞንቴሶሪም እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ላይ ስትጀምር ትምህርቱን የመሰረተችው በስሜት ህዋሳት ላይ ነው። ሞንቴሶሪ የሚል ታፔላ ስናይ ደስ ይለናል፣ ታዲያ ልጁ ሲነካና ሲያሸት ለምን እንከፋለን?

ዩኒፎርም ቆሸሸ ላላችሁ፣ አርብ ዩኒፎርም አይለበስም ብለን ነግረናል፣ አሮጌ ልብስና ቦቲ ጫማ ብቻ ላኩ፣ ሽርጡን እኛ እንሰጣለን። ጉዳዩ በዚህ ይዘጋ።

ብርድ ይመታዋል፣ ምች ይመታዋል የሚለውን ግን በቁም ነገር ነው የምወስደው፣ የእናት ስጋት ስለሆነ። ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ተጠጋግተው ሲቀመጡ ነው በቀላሉ የሚጋባው፣ ንፁህ አየር ላይ አይደለም። ፀሐይ ሳትከር ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው የሚወጡት፣ ኮፍያ አድርገው፣ ዝናብ ከጣለ በረንዳው ስር። አስም ወይም አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ፎርሙ ላይ ፃፉልን፣ ያልፃፋችሁትን ልናውቅ አንችልም። የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፣ ቁጭ ብሎ ስክሪን የሚያይበት ደግሞ ከ1 ሰዓት አይበልጥ ይላል። አርብ ቤት የቀረው ልጅ ስንት ሰዓት ስልክ እንደሚያይ እናንተ ታውቁታላችሁ። የአይንም ጉዳይ አለ፣ ቻይና ጓንግዡ ውስጥ በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ውጪ የቆዩ የ1ኛ ክፍል ልጆች ከ3 ዓመት በኋላ ሲታዩ የሩቁን የማየት ችግር ያጋጠማቸው ከሌሎቹ ያነሱ ነበሩ።

የሚመርዝ ነገር ቢበሉስ? ጉሎ፣ ቅንጭብ፣ አስተናግር ግቢያችን ውስጥ የለም፣ ሳማውም ተነቅሏል። አባ ጨጓሬ በአይን ብቻ ነው። መምህርት ያልሰጠችውን ማንም አይቀምስም፣ የሚቀመሰው ሎሚ፣ ማርና የጦስኝ ሻይ ነው። ባዶ እግር የለም፣ ሲመለሱ እጅ በሳሙና፣ ጥፍር ሳይቀር።

አንድ ነገር ቀረ፣ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። አንድ አባት በር ላይ "እኔ ከጭቃ ለመውጣት ስንት ዓመት ለፍቻለሁ፣ ልጄን ከፍዬ ወደ ጭቃ ልመልሰው?" ብለው ጠየቁኝ። ልባቸውን አውቀዋለሁ፣ ብዙዎቻችን ከዛው ነው የመጣነው። ግን አባቴ፣ እርስዎ ወተት መበላሸቱን ሳይቀምሱ ያውቃሉ፣ ዝናብ መምጣቱን በአፈሩ ሽታ ያውቃሉ፣ ወይራና ፅድ ጭሳቸው እንደሚለያይ ያውቃሉ። ይሄን ማንም አላስከፈልዎትም። ልጅዎ ግን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚያድገው፣ ሲወርድ ኮብልስቶን ነው፣ ከዛ ሰርቪስ፣ ከዛ ክፍል። ችግሩን አይደለም የምንመልስለት፣ እርስዎ ያለዎትን እውቀት ነው፣ እሱም በሳምንት አንድ ሰዓት።

ስለዚህ ከሚቀጥለው አርብ ጀምሮ ቀሪ እንደማንኛውም ቀን ይያዛል፣ ያለ በቂ ምክንያት ሁለት አርብ የቀረ ልጅ ወላጅ ቢሮ ይጠራል። ማየት የምትፈልጉ 3 ሰዓት ላይ ኑ፣ እናንተም የማይቆሽሽባችሁን ጫማ አድርጋችሁ። ዳማ ከሴ ወይም ኮሰረት ችግኝ ያላችሁ ብታመጡልን ደስ ይለናል፣ መደቡ ተዘጋጅቷል።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህርቷ