የአጥር ቁጥቋጦዎችን ከመከርከማችን በፊት

ውድ አባላት፣

የአጥር ቁጥቋጦዎች ወደ እግረኛ መንገዱ እየገፉ በመምጣታቸው እንዲከረከሙ በርካቶቻችሁ ጠይቃችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በተለይ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱና የሕፃናት ጋሪ ለሚገፉ ሰዎች መንገዱ ክፍት መሆን አለበት። ሆኖም ወቅቱ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት በመሆኑ፣ ማንኛውም አባል መቀስ ከማንሣቱ በፊት ቁጥቋጦውን ከርቀት ለጥቂት ጊዜ እንዲመለከት በአክብሮት እንጠይቃለን። ወፎች በምንቃራቸው ሣር ወይም ትል ይዘው ወደ አንድ ስፍራ የሚመላለሱ ከሆነ፣ በውስጡ ጎጆ መኖሩ አያጠራጥርም። የቤት ድንቢጥ እንቁላሏን 2 ሳምንት ያህል ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቿም ከጎጆው ለመውጣት ሌላ 2 ሳምንት ገደማ ስለሚፈልጉ፣ የአንድ ወር ትዕግሥት ሕይወታቸውን ያተርፋል። መጠበቅ የማይቻል ከሆነ፣ መተላለፊያውን የዘጋውን ቅርንጫፍ ብቻ በእጅ መቀስ ቆርጦ ውስጡን ሳይነኩ መተው ይቻላል፤ እኛም የምንመርጠው ይህንኑ ነው።

ላባ ያበቀለ ጫጩት መሬት ላይ ብታገኙ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጠፋ አይደለም፤ ወላጆቹ በቅርብ ሆነው ስለሚመግቡት ድመትና ውሻን ማራቅ ይበቃል። ላባ ያላወጣውን ግን ጎጆው ከታወቀ ቀስ ብሎ መመለስ ይሻላል። የሰው እጅ የነካውን ጫጩት ወላጆቹ ይተዉታል የሚለው በሰፊው የሚነገር እምነት ትክክል አይደለም።

ለወፎች ውኃ የምታስቀምጡ አባላትም፣ በጋራ መጠጫ በሽታ በቀላሉ ስለሚተላለፍ ሳህኑን አዘውትራችሁ እጠቡ። በአጥራችሁ ውስጥ ጎጆ ካያችሁ፣ የመከርከሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለኮሚቴው አሳውቁ።