ወደ ኦርላንዶ ለሚጓዙ ደንበኞቻችን፦ ስለ መጫወቻ ወንበሮችና ስለ ሰውነት ልክ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ኦርላንዶ የመዝናኛ ፓርኮች የምታደርጉት የቤተሰብ ጉዞ ከመድረሱ በፊት፣ ሰው አፍሮ የማይጠይቀውን አንድ ጉዳይ በግልጽ ልንጽፍላችሁ ወደድን። አንዳንድ የሮለር ኮስተር (ከፍ ባለ ሐዲድ ላይ በፍጥነት የሚወረወር የመጫወቻ ባቡር) ወንበሮች ደልደል ያለ ሰውነት ላለው ሰው አይበቁም። ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ረጅም ሰልፍ ጠብቀው፣ ከተቀመጡም በኋላ፣ በልጆቻቸው ፊት «ይነሱ» ሲባሉ ነው። ቀድሞ ያወቀ ሰው ግን እዚያ ላይ አይደርስም።

በቅድሚያ ምክንያቱን እንናገር። ብዙ ሰው ጉዳዩ የኪሎ ይመስለዋል። ሰው በሚሳፈርባቸው በአብዛኞቹ የፓርክ ጨዋታዎች የሚወስነው ግን የሰውነት ቅርጽ ነው። ባቡሩ ከአናት ወደ ታች ሲወረወር ሰውነት ከወንበሩ ይነሳል፤ ያን ጊዜ ሰውን የሚያስቀረው የጭን መያዣው ብረት ነው። ብረቱ ማረፍ ያለበት ጭንና ዳሌ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ሆድ ላይ ካረፈ የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልጠበቀም፤ ሆድ ለስላሳ ስለሆነ ይጨመቃል፣ ክፍተት ይፈጠራል፣ ሰውየውም ሊሾልክ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በማሳቹሴትስ አንድ ጎብኚ ከሮለር ኮስተር ወድቆ ሕይወቱ ያለፈው፣ የጭን መያዣው ከሰውነቱ ስፋት የተነሳ በቦታው ስላላረፈ ነበር። ስለዚህ እኩል ከሚመዝኑ ሁለት ሰዎች አንዱ ተሳፍሮ ሌላው ሊመለስ ይችላል። ከትከሻ በላይ በሚወርድ መያዣ ደግሞ የደረት ስፋትና ከወገብ በላይ ያለው ርዝመት ይቆጠራል፤ ትከሻው የሰፋ ቀጭን ወጣትም የሚመለስበት ጊዜ አለ።

ሠራተኛውን «ትንሽ ግፋው፣ ይገባል» ብላችሁ እንዳትለምኑ አጥብቀን እንጠይቃለን። ማርች 24 ቀን 2022 በዚያው በኦርላንዶ፣ ሰዎች ተቀምጠው ከከፍታ ወደ ታች ከሚለቀቁበት ፍሪ ፎል ከተባለው ማማ የ14 ዓመት ልጅ ወድቆ ሞቷል። የአምራቹ መመሪያ ከ130 ኪሎ በላይ የሆነ ሰው እንዳይሳፈር ይከለክላል፤ ልጁ ከዚያ በላይ ነበር። የወንበሩ መቆጣጠሪያ በእጅ ተስተካክሎ ስለነበር፣ መያዣው ከልኩ በላይ ተከፍቶ ሳለ መብራቱ «ደህና ነው» ይል ነበር። ማማው ኋላ ፈርሷል። ሠራተኛ እምቢ ሲላችሁ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው መፍትሔ። በብዙዎቹ ትልልቅ ጨዋታዎች መግቢያ ላይ፣ ከሰልፉ ውጭ፣ ቴስት ሲት የሚባል የሙከራ ወንበር አለ። በዩኒቨርሳል ፓርክ፣ ከሃሪ ፖተር ታሪክ በተወሰደው በሆግዋርትስ ቤተ መንግሥት ያለው ፎርቢድን ጀርኒ የተባለ ጨዋታ ላይ ይህ ወንበር በጣም ይጠቅማል፤ ጨዋታው አራት ሰው ጎን ለጎን የሚቀመጥበት ሲሆን ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ወንበሮች ለገዘፈ ሰውነት የተስተካከሉ ናቸው። ከመሃሉ ተመለሳችሁ ማለት ከዳሩ ትመለሳላችሁ ማለት አይደለም። ሠራተኛውን «ሞዲፋይድ ሲት» (የተስተካከለ ወንበር) ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚገባቸው ቃል ይህ ነው። ከትከሻ የሚወርደው መያዣ በቀበቶ ከወንበሩ ጋር በሚያያዝባቸው ኮስተሮችም፣ በአንዳንዶቹ ላይ ሁለት ቀበቶ ያላቸው ሰፋ ያሉ ወንበሮች አሉ። የትኛው ረድፍ እንደሆነ ከጨዋታ ጨዋታ ስለሚለያይ ከመሰለፋችሁ በፊት ጠይቁ።

በዲዝኒ ፓርኮች በኩል ሁለት ጨዋታዎችን ለይታችሁ እወቁ፦ ትሮንና ፍላይት ኦፍ ፓሴጅ። ሁለቱም እንደ ሞተር ብስክሌት ተፈናጥጠው የሚቀመጡባቸው ናቸው፤ መያዣው ከኋላ ባትን ጭምር ስለሚይዝ ወገቡ ቀጭን ሆኖ ባቱ የወፈረ ሰው ሊቸገር ይችላል። ረጅም ቀሚስም እዚህ ላይ አይመችም፤ ከአገር ቤት ለሚመጡ እናቶች ሱሪ ያዙላቸው። ትሮን በአንዳንድ ባቡሮቹ ጫፍ ላይ እንደ ወትሮው የሚቀመጡበት ወንበር አለው፤ መግቢያው ላይ ጠይቁ፣ ባቡሩ እስኪመጣ ግን ትንሽ መጠበቅ ሊኖር ይችላል። ወደ ካሊፎርኒያ ለምትሄዱ ደግሞ፣ በዩኒቨርሳል ሆሊውድ እ.ኤ.አ. በ2023 የተከፈተው ማሪዮ ካርት የተባለ ጨዋታ ወገባቸው 40 ኢንች (102 ሴንቲሜትር ገደማ) እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ላይሳፈሩ እንደሚችሉ አስታውቋል። ልኩን እንዲህ በቁጥር መጻፍ ከሁሉም ፓርክ የሚጠበቅ ይመስለናል፤ አብዛኞቹ ግን አያደርጉትም።

ቤት ሆናችሁ ስትለኩ ተቀምጣችሁ ለኩ። ቆሞ የተለካ ወገብ ሲቀመጡ ይሰፋል። ሆድ በጣም በሰፋበት፣ ደረት በብብት ሥር፣ እንዲሁም ጭን ከላይ በኩል ይለካ፤ የሱሪ ቁጥር አያስተማምንም።

ወንበሩ ላይ አቀማመጥም ለውጥ ያመጣል። ኪሳችሁን ባዶ አድርጉ፤ ስልክና ቦርሳ የጭን መያዣውን ያግዳሉ። ወፍራም ጃኬት አውልቁ። መቀመጫችሁን እስከ ወንበሩ ጥግ ግፉ፣ ጀርባችሁን አቅኑ፤ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ወደ ፊት ተንሸራቶ በመቀመጥ ነው፤ ያኔ ሆድ ወደ ፊት ይወጣል። ቀበቶውን ከሆድ በታች አሳልፉ። ከዚያ አየር አስወጥታችሁ መያዣውን ራሳችሁ በሁለት እጅ ወደ ታች ሳቡ። በዚህ ሁሉ ካልተቆለፈ፣ ወይም የሚያም ከሆነ፣ ያ ወንበር ለእናንተ አይደለም።

አንድ ብረት ሁለት ሰው በሚይዝባቸው ጨዋታዎች ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ብረቱ የሚቆመው በትልቁ ሰው ጭን ላይ ስለሆነ፣ አጠገቡ ያለው ልጅ ክፍተት ይተርፈዋል። ልጁን ከታላቅ ወንድሙ ወይም ከእህቱ ጋር አስቀምጡት።

የማይሳፈር ሰው ቀኑን አጥር ሥር ቆሞ ማሳለፍ የለበትም። በብዙ ጨዋታዎች ከቤተሰብ ጋር እስከ መሳፈሪያው ሄዶ፣ ሳይሳፈር በሌላ በር መውጣት ይቻላል። ፓይሬትስ ኦፍ ዘ ካሪቢያንና ጀንግል ክሩዝ የመሳሰሉት በጀልባ የሚኬድባቸው ጨዋታዎች ሰፊ አግዳሚ ወንበር ስላላቸው የሰውነት ልክ አያሳስብም። ጉልበት ለሚያመው ግን ስፔስ ማውንቴን በተባለው የዲዝኒ ኮስተር ላይ ችግሩ ከዝቅተኛው ወንበር መነሳቱ ነው።

በእኛ በኩል በመመዝገቢያ ቅጻችን ላይ የማንንም ኪሎ አንጠይቅም። የጨዋታዎቹን የወንበር ዓይነትና የሙከራ ወንበሮቹን ቦታ የያዘ ዝርዝር ከትኬታችሁ ጋር ይደርሳችኋል። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ፣ ሰው ሳይበዛ፣ ከአስጎብኚያችን ጋር ለብቻው ሄዶ ወንበሮቹን መሞከር የሚፈልግ ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት በስልክ ይንገረን፤ ጥያቄው በቡድኑ ዝርዝር ላይ አይጻፍም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤተሰብ ጉዞ ክፍል